የዳታቤዝ ዲዛይን ሶፍትዌር ልግዛ ወይስ ነፃው ይበቃኛል?

«ወንድምዓለም፣ ያ የዳታቤዝ ዲዛይን ማድረጊያ ሶፍትዌር ስንት ነው? ነፃ አለው እንዴ?»

ይህን ጥያቄ ሳልሰማ የማልፈው ሳምንት የለም። ደብረ ብርሃን ላይ የመመረቂያ ፕሮጀክት የያዙ ልጆች ይጠይቁኛል። ከአረርቲ የአንድ ኅብረት ሥራ ማኅበር ሒሳብ ያዥ ትደውላለች። ሸዋ ሮቢት መድኃኒት ቤት የከፈተ ጓደኛዬም ይኸው ነው ጥያቄው። ለእያንዳንዱ በስልክ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል ብዬ ነው።

አብዛኞቻችሁ ምንም መክፈል የለባችሁም። ግን «ነፃ» የተባለው ሁሉ እኩል ነፃ አይደለም። አንዱ እስከ መጨረሻው ነፃ ነው። ሌላው ሥራችሁን ካስገባችሁ በኋላ በሩን ይዘጋባችኋል።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ዳታቤዙ ራሱና ዲዛይን ማድረጊያው ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ማይኤስኪውኤል ወይም ፖስትግሬስ እህሉ የሚገባበት ጎተራ ነው። ዲዛይን ማድረጊያው ጎተራው ከመቆሙ በፊት ፕላኑን የምትስሉበት ነው፤ የትኛው ቴብል (መረጃው የሚመዘገብበት ሠንጠረዥ) ከየትኛው ጋር ይያያዛል፣ ውስጡስ ምን ይገባል የሚለውን። ደህናው ሶፍትዌር ሥዕሉን ራሱ ወደ ኤስኪውኤል፣ ማለትም ዳታቤዙ ወደሚገባው የትእዛዝ ቋንቋ ይቀይርላችኋል።

የሚያስፈልጋችሁ

- ላፕቶፕ ወይም ዴስክቶፕ። 8 ጊጋ ራም ካለው ጥሩ። በ4 ጊጋም ይሠራል፣ ክሮሙን ከዘጋችሁለት።
- ኤ4 ወረቀት፣ እርሳስና ላጲስ። እስክሪብቶ አይሁን፤ ብዙ ትሰርዛላችሁ።
- አሁን በእጅ የምትሠሩበት መዝገብ፣ ደረሰኝ ወይም ካርድ። ባዶውን ቅጽ ሳይሆን የተሞላውን አምጡ። ሰው ኅዳጉ ላይ የሚጽፈው ማስታወሻ ነው ብዙ ጊዜ የተረሳውን ኮለም (የሠንጠረዡን ዓምድ) የሚያሳያችሁ።
- ለማውረጃ የሚሆን አንድ ቀን ደህና ኢንተርኔት።
- ሁለት ፍላሽ፤ አንዱ ለሥራ ቦታ፣ አንዱ ለቤት።
- በዩኒኮድ የሚጽፍ የአማርኛ ኪቦርድ። ዊንዶውስ ከራሱ ጋር ይዞት ይመጣል።

1. ቴብሎቹን በወረቀት ቁጠሩ

ኮምፒውተሩን ገና አትክፈቱ። መዝገባችሁን ዘርጉና «እዚህ ውስጥ ስንት ዓይነት ነገር ተመዝግቧል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ምንጃር ያለ የገበሬዎች ማኅበርን እንውሰድ። ከአባላቱ ጤፍና ሽምብራ ይረከባል፣ ይመዝናል፣ ይከፍላል። ከዚህ የሚወጡት ቴብሎች አባል፣ ቀበሌ፣ የእህል ዓይነት፣ መጋዘን፣ ርክክብ፣ ክፍያና ሠራተኛ ናቸው። ሰባት ሆኑ። ማዳበሪያና ምርጥ ዘርም የሚያከፋፍል ከሆነ ሦስት እንጨምር፤ አሥር።

ይህ ቁጥር ለምን ያስፈልጋል? ኢንተርኔት ላይ የሚሠሩት መሳያዎች ነፃ ፕላኖች (የአገልግሎት ደረጃዎች) ገደባቸው ቁጥር ስለሆነ ነው። አንዱ የዳያግራሙን (የሥዕሉን) ብዛት ይገድባል፣ ሌላው የቅርጹን። ለምሳሌ ሉሲድቻርት በነፃ ፕላኑ የሰነዱንም ብዛት፣ በአንድ ሰነድ የሚገባውን ቅርጽም ይገድባል። አሥር ቴብል ላለው ይህ አይሰማውም። ለሆስፒታል ሲስተም የሚስል ሰው ግን ገና ካርድ ክፍሉን ሳይጨርስ ይሞላበታል። ቁጥራችሁን ሳትይዙ የዋጋ ገጽ ካነበባችሁ ሁሉም ውድ ወይም ሁሉም ርካሽ ይመስላችኋል።

2. ዳታቤዙ በምን ላይ እንደሚቆም እወቁ

ሲስተሙን የሚጽፍላችሁን ልጅ ጠይቁት፦ ማይኤስኪውኤል ነው? ማሪያዲቢ? ፖስትግሬስ? ኤስኪውኤል ሰርቨር? ኤስኪውላይት? ለአንዱ የወጣ ኤስኪውኤል ለሌላው ስህተት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛም ምክንያት አለው። የየሞተሩ (የእነዚህ የዳታቤዝ ፕሮግራሞች) ባለቤቶች ብዙውን ጊዜ የራሳቸውን መሣሪያ በነፃ ይሰጣሉ። ሞተሩን ስታውቁ የዋጋው ጥያቄ ግማሹ ተመለሰ ማለት ነው።

ዛምፕ (ዳታቤዙንና ሰርቨሩን አንድ ላይ የሚጭነውን ጥቅል) ለምትጠቀሙ ተማሪዎች፦ መቆጣጠሪያው ላይ «ማይኤስኪውኤል» የሚል ጽሑፍ ብታዩም ውስጡ ያለው ማሪያዲቢ ነው። ይህን አሁን ያዙት፤ ወደ በኋላ ይመጣል።

3. ሰው ቁጠሩ፤ የሚስለውንና የሚያየውን ለዩ

የሚከፈልባቸው ሶፍትዌሮች አብዛኞቹ በሰው ራስ ነው የሚያስከፍሉት። ታዲያ የማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ሥራ አስኪያጁና ኦዲተሩ ዳያግራሙን ማየት እንጂ መሳል አይፈልጉም። ለእነሱ ፒዲኤፍ ይበቃል፤ ቴሌግራም ላይ ላኩላቸው። እርሳሱን የሚይዘው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው። ለአምስት ሰው አካውንት ልትገዙ የነበረው ወደ አንድ የሚወርደው እዚህ ላይ ነው።

4. «ነፃ» የሚለው የትኛው ነፃ እንደሆነ ለዩ

አራት ዓይነት ነፃ አለ።

- እስከ መጨረሻው ነፃ። ኮዱ ክፍት የሆነ ወይም ባለቤቱ በነፃ የለቀቀው። ማይኤስኪውኤል ወርክቤንች ኮሚዩኒቲ፣ ዲቢቨር ኮሚዩኒቲ፣ ፒጂአድሚን፣ ድሮው ዲቢ እዚህ ውስጥ ናቸው። ለንግድም ብትጠቀሙ ማንም አይጠይቃችሁም።
- የተገደበ ነፃ። አካውንት ከፍታችሁ እስከ ተወሰነ ቁጥር ትሠራላችሁ። ሉሲድቻርትና ዲቢዳያግራም እንዲህ ናቸው።
- ለተማሪ ወይም ለንግድ ላልሆነ ሥራ ነፃ። ቪዥዋል ፓራዳይም ኮሚዩኒቲ ለንግድ ላልሆነ ሥራ ነው። ጄትብሬይንስ ለተማሪና ለመምህር ነፃ ፈቃድ ይሰጣል፤ በዩኒቨርሲቲ ኢሜይል ይጠየቃል፣ በየዓመቱ ይታደሳል። ለክፍል ሥራ ግሩም ነው። ለመድኃኒት ቤቱ ግን አይሆንም፤ መድኃኒት ቤት ንግድ ነው።
- የሙከራ ጊዜ። ይህ ነፃ አይደለም። የሚሸጥ ዕቃ ቅምሻ ነው።

የመጨረሻው እኔን ጉድ ሠርቶኛል። የሶፍትዌሩን ስም ልተወው። ታኅሣሥ 25 ቀን የ15 ቀን ሙከራውን ጫንኩ። በአራት ቀን 19 ቴብል ሳልኩ። ከዚያ ለገና አንኮበር ወረድኩና ጥምቀትንም እዚያው አከበርኩ። ጥር 13 ተመልሼ ስከፍተው ሙከራው ጥር 10 አልቋል፤ ልክ በከተራው ዕለት። ዳያግራሙን ያሳየኛል፣ ኤክስፖርት ግን አያስደርገኝም። እስክሪኑን በስልክ እያነሳሁ ሁለት ሌሊት እንደ አዲስ ጻፍኩት። ያውም በደብረ ብርሃን የጥር ብርድ።

ስለዚህ ሙከራ ከጀመራችሁ በየምሽቱ ኤስኪውኤሉን ኤክስፖርት አድርጉ። ኤክስፖርቱ በሙከራ ጊዜ የተቆለፈ ከሆነ ገና በመጀመሪያው ቀን ተዉት።

5. ከሞተራችሁ ጋር የሚሄደውን ነፃ ሶፍትዌር ጫኑ

ኮምፒውተራችሁ ላይ የሚጫነውን አስቀድሙ። ኔትወርክ ሲጠፋ ሥራው አይቆምም፣ ፋይሉም እጃችሁ ላይ ነው።

*ማይኤስኪውኤል ወይም ማሪያዲቢ ከሆነ* ወርክቤንች ኮሚዩኒቲን ጫኑ። ማውረጃ ገጹ «ግቡ ወይም ተመዝገቡ» የሚል ትልቅ ቁልፍ ያሳያችኋል። አትደንግጡ፣ መመዝገብ ግዴታ አይደለም። ከሥሩ በትንሹ «ኖ ታንክስ» ብሎ የሚጀምር መስመር አለ፤ እሱን ስትነኩ በቀጥታ ይወርዳል። ሲጫን ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል የለም ካላችሁ እሱንም ከማይክሮሶፍት በነፃ አውርዱ። የሚከፈልባቸው ስታንዳርድና ኢንተርፕራይዝ የሚባሉ እትሞችም አሉት። ሞዴሉን መፈተሻና ሰነድ ማዘጋጃ ይጨምራሉ። ለአሥር ቴብል አያስፈልጓችሁም።

*ፖስትግሬስ ከሆነ* ፒጂአድሚን 4ን ክፈቱ። ውስጡ ዳያግራም መሳያ አለ፤ ኤስኪውኤልም ያወጣል። ብዙ ሰው ፒጂአድሚንን ለዓመታት ሲጠቀም መሳያው እንዳለው አያውቅም።

*ኤስኪውኤል ሰርቨር ከሆነ* ማኔጅመንት ስቱዲዮ ነፃ ነው። ዳታቤዙ ሥር «ዳታቤዝ ዳያግራምስ» የሚል ፎልደር ታገኛላችሁ።

*ኦራክል ከሆነ* የራሱ ዴታ ሞዴለር በነፃ አለ። ከባድ ነው፣ ጃቫም ይፈልጋል።

*ኤስኪውላይት ከሆነ ወይም ዳታቤዙ ቀድሞ ተሠርቶ ሥዕሉ ብቻ ከቀራችሁ* ዲቢቨር ኮሚዩኒቲን ጫኑ። ካለው ዳታቤዝ ላይ ዳያግራሙን ራሱ ይስለዋል። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዲቢቨር መጀመሪያ ከዳታቤዙ ጋር ሲገናኝ ድራይቨሩን (የሚያገናኘውን ትንሽ ፕሮግራም) ከኢንተርኔት ያወርዳል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ግንኙነት ኢንተርኔት ባለበት ቦታ ጨርሱ። ፕሮግራሙን ደብረ ብርሃን ጭናችሁ ኔትወርክ የሌለበት ወረዳ ይዛችሁት ብትወጡ እዚያ አይከፍትላችሁም።

ምንም መጫን የማትችሉ፣ ለምሳሌ የቢሮ ኮምፒውተር ተቆልፎባችሁ ከሆነ፣ ድሮው ዲቢ ብሮውዘር ላይ ያለ አካውንት ይሠራል። ሥራው ግን የሚቀመጠው እዚያው ብሮውዘሩ ውስጥ ነው። አንድ ሰው «ልጥረገው» ብሎ የብሮውዘሩን ዳታ ካጸዳ ዳያግራሙም አብሮ ይጠረጋል። በየቀኑ ፋይሉን አውርዱ።

ድሮው አይኦስ? እሱም ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ እትምም አለው። ለሥዕል ደስ ይላል። ከሥዕሉ ግን ኤስኪውኤል አያወጣላችሁም፤ ቴብሎቹን በኋላ በእጃችሁ ትጽፋላችሁ። ለመመረቂያ ጽሑፍ ሥዕል ብቻ ለምትፈልጉ ይበቃል።

6. በሦስት ቴብል ፈትኑት

አሥሩንም ቴብል ከመሳላችሁ በፊት ሦስቱን ብቻ ሳሉ፦ አባል፣ የእህል ዓይነት፣ ርክክብ። ግማሽ ቀን ነው የሚወስደው። ሶፍትዌሩ እዚህ ከወደቀ የባከነው ግማሽ ቀን ብቻ ነው።

በወርክቤንች እንዲህ ነው። «ፋይል» ከዚያ «ኒው ሞዴል» በሉ። የዳታቤዙን ስም ሁለቴ ነክታችሁ ካራክተር ሴቱን (ፊደሎቹ የሚቀመጡበትን ኮድ) ዩቲኤፍ8ኤምቢ4 አድርጉት። «አድ ዳያግራም» ብላችሁ ሦስቱን ቴብሎች አስቀምጡ። አባልንና ርክክብን ለማያያዝ በግራ በኩል ካሉት የግንኙነት ቁልፎች አንድ ለብዙ የሚለውን፣ መስመሩ የተቆራረጠውን ምረጡ። መጀመሪያ ርክክብን ንኩ፣ ቀጥሎ አባልን። ቅደም ተከተሉ ቁም ነገር አለው፤ መጀመሪያ የምትነኩት ቴብል ነው የሌላውን መለያ ቁጥር የሚይዘው። አንድ አባል ብዙ ጊዜ ያስረክባል፤ ስለዚህ የአባል ቁጥር ርክክብ ውስጥ ይገባል።

አሁን ኮለሞቹን ሙሉ። የእኛ አገር መረጃ የሚቸገርባቸው ቦታዎች አሉ፤ ፈተናው እነሱ ላይ ይሁን።

*ስም።* የውጭ ናሙናዎች ሁለት ኮለም ይሰጧችኋል፤ የግል ስምና የቤተሰብ ስም። እኛ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ነው ያለን። ሦስት ኮለም አድርጉ። በአንድ ኮለም ካጨቃችሁት በአባት ስም መፈለግ ያቅታችኋል፤ በአንድ ቀበሌ ስንት ተስፋዬ እንዳለ ታውቁታላችሁ።

*ቀን።* ይህ ብዙ ሰው ያስለቀሰ ነው። የዳታቤዝ የቀን ኮለም የሚያውቀው የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ ነው። ጥቅምት 30 ቀን 2017ን በቀጥታ 2017-02-30 ብላችሁ ብታስገቡ አይቀበልም፤ በእነሱ ሁለተኛ ወር 30 ቀን የለውም። ጳጉሜንማ 13ኛ ወር ስለሆነ ጭራሽ አያውቃትም። የባሰው ግን ስህተት የማያወጣው ነው። ሚያዝያ 12ን 2017-08-12 ብላችሁ ብታስገቡ ዝም ብሎ ይቀበላል፣ ኦገስት አድርጎ ይይዘዋል። ስለዚህ ኮለሙ ውስጥ የፈረንጁን ቀን አስቀምጡ። ወደ እኛው መቀየሩን ፕሮግራሙ ሲያሳይ ይሥራው።

*ስልክ።* የጽሑፍ ኮለም ይሁን። ቁጥር ካደረጋችሁት የ09 ወይም የ07 ፊተኛዋ ዜሮ ትጠፋለች።

*ብርና ኩንታል።* ዴሲማል በሉት፣ ፍሎት አይሁን። ፍሎት ሳንቲም ያዛባል፤ ዓመቱ ሲዘጋ ኦዲተሩ ፊት ሒሳቡ አልገጥም ይላችኋል።

*አማርኛ።* አንድ ስም በአማርኛ አስገቡና መልሳችሁ አንብቡት። የጥያቄ ምልክት ብቻ ከመጣ ካራክተር ሴቱ ልክ አይደለም። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ ከሆናችሁ የጽሑፍ ኮለሙ ቫርቻር ሳይሆን ኤንቫርቻር መሆን አለበት፣ በኤስኪውኤል ስታስገቡም ከጽሑፉ ፊት ኤን የምትለዋ ፊደል ትቀመጣለች። በድሮዎቹ ዩኒኮድ ያልሆኑ የግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ዝርዝር ካላችሁ ዝም ብላችሁ አትገልብጡት። እስክሪን ላይ አማርኛ ቢመስልም ዳታቤዙ ውስጥ የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ሆኖ ነው የሚገባው። መጀመሪያ ወደ ዩኒኮድ ቀይሩት።

ሲያልቅ ፎርዋርድ ኢንጂነር የሚለውን (ኮንትሮልና ጂ) ተጭናችሁ ወደ ዳታቤዙ ላኩት። ሦስቱ ቴብሎች ከነግንኙነታቸው ከቆሙ፣ አማርኛውም ከተነበበ፣ ነፃው በቃችሁ። ከ7 እስከ 9 ያለውን ዝለሉና ማስጠንቀቂያውን አንብቡ።

7. ካልበቃችሁ ብቻ የዋጋ ገጹን ክፈቱ

ካልበቃ የምለው ምን ሲሆን ነው? ሦስት አራት ሰው በተለያየ ከተማ ሆኖ አንድ ዳያግራም ላይ በአንድ ጊዜ ሲሠራ። ማን ምን እንደቀየረ በየእትሙ መመዝገብ ሲያስፈልግ። ወይም አንዱን ዲዛይን ለሦስት ዓይነት ሞተር ማውጣት ስትፈልጉ። ከእነዚህ ውጭ ከሆናችሁ ወደ 5 ተመለሱ።

የዋጋ ገጹ ላይ እነዚህን በእርሳስ ጻፉ፦

- ዋጋው በሰው ነው ወይስ ለድርጅቱ በጠቅላላ?
- ለሚያይ ሰው ይከፈላል?
- «በወር» የሚለው ሥር «በዓመት ሲከፈል» የሚል ትንሽ ጽሑፍ አለ? ካለ ያያችሁት የወር ዋጋ ነው እንጂ የሚቆረጠው የ12 ወሩ ነው፣ በአንዴ።
- ዝቅተኛ የሰው ብዛት አለ? አንዳንዱ የቡድን ፕላን ለአንድ ሰው አይሸጥም።
- ዳያግራሙን የግል ማድረግ በየትኛው ፕላን ነው? ነፃው ላይ ሊንኩ የደረሰው ሁሉ የሚያየው ከሆነ እወቁት።
- ኤስኪውኤል ማውጣት በየትኛው ፕላን ነው?
- ክፍያ ስታቆሙ ፋይላችሁ ምን ይሆናል?

ከሁሉም የመጨረሻዋን አትዝለሉ። እንደ ናቪካት ዴታ ሞዴለር ያሉት በደንበኝነትም፣ አንዴ ተከፍሎ ለዘለቄታውም ይሸጣሉ። አንዴ የተገዛው ፈቃድ አዲስ እትም ባያመጣላችሁም የገዛችሁት እትም መከፈቱን አያቆምም። ደንበኝነቱ ግን ስታቆሙ ይቆማል።

8. በብር አስሉት

ዋጋው በዶላር ነው የሚጻፈው። በዶላር ሲታይ ትንሽ ይመስላል። አንድ የምሳሌ ሒሳብ እንሥራ።

ፕላኑ በዓመት ሲከፈል በሰው በወር 10 ዶላር ነው እንበል። ሦስት ሰው ናችሁ። 10 ሲባዛ በ3፣ ሲባዛ በ12፣ 360 ዶላር። ለሒሳብ እንዲቀለን አንዱን ዶላር በ150 ብር እንያዘው፤ 54,000 ብር። ሻጩ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ የሚጨምር ከሆነ 62,100 ብር።

አሁን ደረጃ 3ን አስታውሱ። የሚስለው አንድ ሰው ብቻ ነው። 120 ዶላር፣ ማለትም 18,000 ብር። ከነታክሱ 20,700።

ደግሞ ዲዛይን ዓመት የሚፈጅ ሥራ አይደለም። በሁለት ወር ትጨርሳላችሁ እንበል። በየወሩ የሚከፈለው ብዙ ጊዜ ትንሽ ወደድ ይላል፤ 13 ዶላር እናድርገው። ለሁለት ወር 26 ዶላር፣ 3,900 ብር። ከነታክሱ 4,485። ይኸው ያው ሥራ ከ62,100 ወደ 4,485 ወረደ። ማንም ቅናሽ አላደረገላችሁም፤ የማትጠቀሙበትን ተዋችሁ እንጂ።

ምንዛሬውን ክፍያው በሚፈጸምበት ቀን ከባንካችሁ የመሸጫ ዋጋ ውሰዱ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ የምንዛሬው ዋጋ በገበያ ስለሚወሰን ባለፈው በጀት የተጻፈ የብር ቁጥር አይሠራም። ለቦርድ የምታቀርቡት ጥያቄ ላይ ዶላሩንም ብሩንም፣ ምንዛሬው የተወሰደበትንም ቀን ጻፉ።

9. መክፈያውን አስቀድማችሁ አረጋግጡ

ኪሳችሁ ያለው የብር ኤቲኤም ካርድ የውጭ ድረ ገጽ ላይ አይከፍልም። ለዓለም አቀፍ ክፍያ የሚሆን በዶላር የሚሞላ ካርድ ባንካችሁ ይሰጥ እንደሆነ፣ ምን እንደሚጠይቅም ቅርንጫፉ ሄዳችሁ ጠይቁ። ይህ ቀናት ሊወስድ ይችላል፤ ስለዚህ ሙከራውን ከመጀመራችሁ በፊት እንጂ ሊያልቅ ሲል አይሁን። መክፈያ ቅጹ ላይም የአገር ዝርዝሩን ክፈቱና ኢትዮጵያ መኖሯን እዩ። ከሌለች ቀሪውን መሙላት ከንቱ ድካም ነው።

በድርጅት ገንዘብ ከሆነ ደረሰኙ በድርጅቱ ስም እንዲወጣ መጀመሪያውኑ የድርጅቱን ስም ሙሉ። በግል ስማችሁ የወጣን ደረሰኝ ሒሳብ ክፍል ሲመልሰው ከሻጩ ጋር እንደገና መጻጻፍ ነው።

እንደከፈላችሁ ያን ዕለቱኑ «በራስ ሰር አድስ» የሚለውን አጥፉ። ወርሃችሁ እስኪያልቅ መጠቀማችሁ አይቀርም። ካላጠፋችሁት ግን ዲዛይኑ ካለቀ በኋላም ካርዱ ላይ ያለው ዶላር ይቆረጣል። ማስታወሻም ያዙ፣ በፈረንጁ ቀን። እነሱ ኦክቶበር 12 ሲሉ እናንተ «ጥቅምት 12» ብላችሁ ብትጽፉ አሥር ቀን አለፋችሁ ማለት ነው።

ማስጠንቀቂያ

ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር በፍላሽ ተቀብላችሁ የድርጅት ኮምፒውተር ላይ አትጫኑ። ነፃ አማራጭ እያለ የአባላት ስምና ክፍያ ያለበትን ማሽን ለቫይረስ መክፈት ነው። ለፀረ ቫይረሱ «ዝም በል» በሉት የሚል መመሪያ አብሮት ከመጣ ያኔውኑ ጣሉት።

ኢንተርኔት ላይ በሚሠራ ነፃ አካውንት እውነተኛ መረጃ አታስገቡ። ዲዛይን ማለት የቴብሉ ቅርጽ ነው እንጂ የሰዎቹ ስልክ ቁጥር አይደለም። ለሙከራ የፈጠራ ስም ይበቃል።

በሥራው መጨረሻ ሦስት ፋይል ይኑራችሁ፦ የሶፍትዌሩ የራሱ ፋይል፣ ኤስኪውኤሉና ፒዲኤፉ። የራሱ ፋይል ለማሻሻል ነው። ኤስኪውኤሉ ሶፍትዌሩ ቢጠፋም ዳታቤዙን መልሶ ያቆማል። ፒዲኤፉ ለሊቀመንበሩ ነው። ሦስቱንም ሁለቱም ፍላሽ ላይ ገልብጡ።

ብዙ የሚደወልልኝ ስህተቶች

*«ፎርዋርድ ኢንጂነር ሳደርግ ቪዚብል የሚል ቃል ላይ ስህተት አወጣ።»* የዛምፕ ሰዎች ይህ የእናንተ ነው። አዲሱ ወርክቤንች ኢንዴክስ ላይ የሚጨምረውን ይህን ቃል ማሪያዲቢ አይቀበለውም። «ኤዲት»፣ «ፕሪፈረንስስ»፣ «ሞዴሊንግ»፣ «ማይኤስኪውኤል» ውስጥ ገብታችሁ የታለመውን እትም 5.7 አድርጉት። የተከፈተው ሞዴል የቀድሞውን እትም ይዞ ከቀጠለ «ሞዴል» ሜኑ ውስጥ ባለው «ሞዴል ኦፕሽንስ» ላይም ቀይሩት። እንደገና ላኩት፣ ያልፋል።

*«መስመሩን ሳገናኝ የአባል ቁጥር ከርክክቡ መለያ ጋር አብሮ ዋና ቁልፍ ሆነ።»* ያልተቆራረጠውን መስመር መርጣችኋል። ሰርዙትና የተቆራረጠውን ተጠቀሙ።

*«ማኔጅመንት ስቱዲዮ ዳያግራም ልክፈት ስለው ዳታቤዙ ትክክለኛ ባለቤት የለውም ይላል።»* ዳታቤዙ ከሌላ ኮምፒውተር የመጣ ነው። ስሙ ላይ በቀኝ ነክታችሁ «ፕሮፐርቲስ»፣ ከዚያ «ፋይልስ» ግቡ። «ኦውነር» የሚለው ቦታ ላይ የምትገቡበትን ተጠቃሚ ሙሉ።

*«ዳያግራሙን ፒኤንጂ አድርጌ አስቀምጫለሁ፣ ፋይሉን አጥፍቼዋለሁ።»* ለዚህ መፍትሔ የለኝም። ሥዕሉን እያያችሁ ከደረጃ 6 ጀምሩ።

*«ጓደኛዬ የላከልኝ ፋይል አልከፍት አለኝ።»* እሱ በአዲስ እትም ሠርቶት እናንተ አሮጌው ላይ ናችሁ። አንድ ቡድን አንድ እትም ይጫን። መጫኛውን አንዱ አውርዶ በፍላሽ ያዳርስ፤ ሁሉም ለየብቻው ጥቅል አይጨርስም።